ሃያ አምስት ሜትር ጎደለችኝ

እንኳን ለ2018 አደረሳችሁ፣ አደረሰን! እኔ ደሴ ነኝ። ሌሊቱን ሲያካፋ አድሮ አሁን አባርቷል፤ የጦሳ ተራራ ግን ጉሙን ገና ከራሱ ላይ አላወለቀም። እናቴ ቄጤማውን ጎዝጉዛ ቡና እየቆላች ነው። ጢሱ ዓይኔን እያስለቀሰኝ ነው የምጽፍላችሁ፤ መሀል ላይ ያለቀስኩ ቢመስላችሁ ከቡናው ነው።

ሌላ ጊዜ በዚህ ቀን አደይ አበባ ያለበት ፎቶ ለሁላችሁም በአንዴ ልኬ እገላገላለሁ። ዘንድሮ ግን እንደዚያ ማምለጥ አልችልም። ለተሰበሩ የትምህርት ቤት ዴስኮች ማሠሪያ አምስት ማራቶን እሮጣለሁ ብዬ ስለነበር ዕዳ አለብኝ። ግማሾቻችሁ ብር ልካችኋል፣ ግማሾቻችሁ ቃል ገብታችኋል፣ ግማሾቻችሁ ደግሞ (ሦስት ግማሽ ሆነ መሰለኝ) «ይሄ ሰውዬ ምን ነካው?» ብላችኋል። ለሦስታችሁም ላወራርድ።

ነገሩ የጀመረው በደብተር ነው። የእህቴ ልጅ ሦስተኛ ክፍል ናት፣ ከደሴ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት። አምና ጥቅምት ላይ ደብተሯን ገለጥ ገለጥ ሳደርግ ጽሑፉ ሁሉ ከመስመሩ ተነስቶ ወደ ታች እየተንሸራተተ ጠርዙ ላይ ይወድቃል። ገጹ ላይ አንድ ቀጥ ያለ መስመር የለም። ተቆጣኋት። «አጎቴ፣ ጉልበቴ ላይ እኮ ነው የምጽፈው» አለችኝ።

ሄጄ አየሁት። ክፍሉ ውስጥ ግማሹ ልጅ ድንጋይ ላይ ነው የተቀመጠው። ከክፍሉ ጀርባ ደግሞ የዴስክ መቃብር አለ። እግሩ የታጠፈ፣ ወገቡ የተሰበረ፣ ጣውላው በጦርነቱ ጊዜ ማገዶ የሆነ፣ አንዱ በሌላው ላይ ተቆልሎ ሣር በቅሎበታል። በሌላ ቀን የሰፈራችንን በያጅ ይዤ ተመለስኩ። አንዱን ጎትቶ አወጣና በመዶሻ ኳ ኳ አድርጎ ጆሮውን ደገነ። «ብረቱ አልሞተም፤ የሞተው ጣውላው ነው» አለ፣ እንደ ሐኪም። የታጠፈውን እግር ማቃናት፣ የተላቀቀውን መበየድ፣ አንቲረስት መቀባት፣ አዲስ ጣውላ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ በቡሎን ማሰር፣ በቃ። የእጁን ዋጋ ተወልን። የቀረው ወጪ ለአንድ ዴስክ ከሺህ ብር ብዙም አይርቅም። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ልጅ ይቀመጣል።

«በዓመት አምስት ማራቶን እሮጣለሁ፤ ለአንድ ኪሎ ሜትር አንድ ዴስክ» ብዬ የለጠፍኩት ያን ሰሞን ነው። ማታ ነበር። ጧት ልሰርዘው ስነሳ እናንተ ቀድማችሁኛል።

ሯጭ እኮ አይደለሁም። 43 ዓመቴ ነው፣ ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ቤት ባንኮኒ ኋላ ቆሜ የምውል ሰው ነኝ፣ ቦርጭም አለኝ። ታምራት ቶላ ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ጨረሰ። የኔ ምርጡ 4 ሰዓት ከ51 ነው። ታምራት ጨርሶ፣ ታጥቦ፣ ምሳውን በልቶ፣ ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቶ ሲነሳ እኔ ገና እያለከለክኩ ነኝ።

ብዙ ሰው የጠየቀኝ ግን ስለ ሰዓቱ አይደለም። «ለምን ትሮጣለህ? ዝም ብለህ ብሩን አትጠይቅም?» ነው። ልክ ጥያቄ ነው። ዴስክ በላብ አይሠራም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ መሮጡ ቀላሉ ነው፣ ከባዱ መለመኑ ነው። እኛ ጋ ሰው ሲሞት ማንም ማንንም አይለምንም። ቅሬው (እድሩ) ይጠራል፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ይወጣል፣ አንዱ ይቆፍራል፣ አንዱ ድንኳን ይተክላል፣ አንዷ ንፍሮ ታመጣለች። ለተሰበረ ዴስክ ማን ቅሬ ይጥራ? እና ስልክ አንስቼ «እባክህ ሺህ ብር ላክልኝ» ለማለት አፌ ይተሳሰራል። ከሁለት ሰዓት በላይ ሮጬ፣ ፊቴ ላይ ጨው ደርቆ፣ «ሃያኛው ላይ ነኝ፣ ሃያ አንደኛውን ማን ይይዝልኛል?» ስል ግን አፌ ይፈታል። የቆሎ ተማሪ ውሻ እያባረረው «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ ደጁን ሲዞር አኮፋዳውን ይይዛል አይደል? ማራቶኑ የኔ አኮፋዳ ነው።

ፈጠራው የኔ አይደለም። ጋሪ ማኪ የሚባል እንግሊዛዊ በ2022 እ.ኤ.አ. በየቀኑ አንድ፣ በዓመቱ 365 ማራቶን ሮጦ ለሕሙማን መርጃ ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አሰባስቧል። ከሱ በፊት ካናዳ ውስጥ ቴሪ ፎክስ ነበረ። አንድ እግሩን በካንሰር ያጣ፣ ሲጀምር የ21 ዓመት ልጅ። በ1980 እ.ኤ.አ. በሰው ሠራሽ እግር 143 ቀን ሮጦ 5,373 ኪሎ ሜትር ላይ ካንሰሩ ሳንባው ገብቶ አስቆመው። በዓመቱ አረፈ። ይህን ያነበብኩ ቀን «አምስት» ብዬ መፎከሬ አሳፈረኝ፤ ለማንም አልተናገርኩም፣ አሁን ነገርኳችሁ።

የመጀመሪያው ኅዳር ላይ ነበር። ከሐይቅ ተነስቼ ደሴ ገባሁ፣ ደሴን አቋርጬ ወደ ሐረጎ ቁልቁለት ወረድኩ። ሰው የሚፈራው ዳገቱን ነው። ዳገትስ ሳንባ ነው የሚፈልገው፤ ቁልቁለት ግን ጭንህን ይበላዋል። በየእርምጃው ጡንቻው እየተለጠጠ ክብደትህን ሊይዝ ሲታገል ውስጡ ይቆራረጣል። በማግስቱ መድኃኒት ቤት የገባሁት ደረጃውን በጀርባዬ እየወረድኩ ነው፣ ደንበኞቼ ምስክር ናቸው። ሁለተኛው ጥር ላይ፣ ኩታበር ደርሶ መልስ። ብርዱ ብቻ ነው ትዝ የሚለኝ።

ሦስተኛውን ላውራችሁ፣ እሱ ነው የገደለኝ። መጋቢት ነበር። አምና ሁዳዴ ሰኞ ገብቶ ረመዳን በዚያው ሳምንት ቅዳሜ እንደገባ ታስታውሳላችሁ። ከኮምቦልቻ ተነስቼ በሐርቡ በኩል ወደ ከሚሴ አቅጣጫ ነው። ደሴ የለመደ ሰው እዚያ ቆላ ውስጥ ሲሮጥ ምጣድ ላይ የተጣደ እንጀራ ነው። ውኃና ተምር በሞተር ሳይክል ይዞ የሚከተለኝ የአጎቴ ልጅ ነው። እሱ ጾመኛ። እኔ እንኳ በሶ በጥብጬ ጠጥቼ ነው የወጣሁት (ለነፍስ አባቴ ነግሬያለሁ፣ አትጨነቁ)። በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ይቆምና የፕላስቲኩን ክዳን ከፍቶ ይሰጠኛል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ናት። እንዴት አድርጌ ልጠጣ? ፊቴን አዙሬ አንድ ጉንጭ ብቻ ቀመስ አደርግና እመልስለታለሁ። «በቃህ?» ይለኛል። «በቃኝ» እላለሁ። ይሉኝታዬ እንደዚህ እያለ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነዳኝ።

ሠላሳ አካባቢ ጡንቻ ያስቀመጠው ስንቅ ያልቃል፤ በደህና ቀንም የብዙ ሯጭ ጉልበት እዚያ ላይ ነው የሚከዳው። ጥም ሲጨመርበት ደግሞ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፤ አስፋልቱ ወደ ላይ ተነሳና ጉንጬን መታኝ። 31ኛው ላይ ነኝ። ዓይኔን ስገልጥ የአጎቴ ልጅ ጥላው ሥር ጎትቶኝ ውኃውን አናቴ ላይ እያፈሰሰ ይጮኻል። «አንተ! ጾሙ የኔ ነው ወይስ ያንተ? ወላሂ ዳግመኛ እንደዚህ ብታደርግ ፊትህ ላይ ነው የምጠጣው!» ከዚያ ኦ አር ኤስ (ውኃ ላነሰው ሰው የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት) በጥብጦ እስኪያልቅ ድረስ ብርጭቆውን ከአፌ ላይ አላነሳም። ምራቁን ውጦ፣ እኔን እያጠጣ። ማታ ቤታቸው ሲያፈጥሩ ሾርባው መጀመሪያ ለኔ ነው የቀረበው። «ለበሽተኛው» አለ አጎቴ፣ ቤቱ በሳቅ ሞተ።

31ዱን አልቆጠርኩም። ለዚያ ማራቶን ብር ለላካችሁት «ልመልስ?» ብዬ ጻፍኩ። አንዲት እኅት «ዴስኩ ግማሽ መንገድ ላይ ወደቀ እንዴ?» ብላ መለሰችልኝ። ሌላ አንድም ሰው አልመለሰልኝም። ከፋሲካ በኋላ፣ ያንኑ መንገድ በሌሊት ተነስቼ፣ እየጠጣሁ፣ ጨረስኩት።

አራተኛው ጊዜ ከከተማ የሚያስወጣ መንገድ አልነበረም፤ ዝርዝሩን ዛሬ በበዓል አላነሳውም። ሜዳ ላይ ዞርኩት። በ400 ሜትር ዙር 105 ዙር ተኩል ማለት ነው። ኳስ ሊጫወቱ የመጡ ልጆች በጠጠር ቆጠሩልኝ፣ ሰባ ምናምን ላይ ተጣሉና ጠጠሩ ተበተነ። እድሜ ለስልኬ። አምስተኛው ባለፈው ነሐሴ ነው፤ ወደ ኮምቦልቻ ወርጄ መልሼ ሐረጎን ወጣሁ፣ ወደ 600 ሜትር ገደማ ሽቅብ፣ በዝናብና በጉም። መብራታቸውን አብርተው የሚመጡ መኪናዎች እኔን ሲያዩ ጥሩምባ ይነፋሉ። ለማበረታታት ይሁን ለስድብ አልለየሁም። የአውራ ጣቴ ጥፍር ለሁለተኛ ጊዜ ወለቀ።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ጎረቤታችን አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ጡረታ የወጡ ሾፌር። ሐረጎን በኤንትሬ የጭነት መኪና ስንት ዘመን የወጡ የወረዱ። እሳቸው ከመጀመሪያው አንስቶ አንድ ነገር ያዙብኝ። «42 ዴስክ ይሁን። የ195 ሜትሯስ?» ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር መሆኑን በሬዲዮ ሰምተዋል። «ጋሼ፣ እሷ ትርፍ ናት» አልኳቸው። «ከየት መጣች?» አሉ። ነገርኳቸው። በ1908 እ.ኤ.አ. ለንደን ኦሎምፒክ ላይ ሩጫው ከዊንዘር ቤተ መንግሥት ተነስቶ ስታዲየሙ ውስጥ ንጉሣውያኑ ከተቀመጡበት ፊት ለፊት እንዲያልቅ ተደረገ፤ ያ ርቀት በ1921 እ.ኤ.አ. ቋሚ ሆኖ ጸደቀ፣ እነ አበበ ቢቂላም የሮጡት እሱኑ ነው። ዝም ብለው ሰሙኝ። «እና የሰው አገር ንጉሥ ወንበሩ እንዲመቸው ነው አንተ ሐረጎ ላይ የምትቃትተው?»

መልስ አልነበረኝም። ግን ከዚያ ወዲያ 195ቷን መቁጠር ጀመርኩ። አምስት ጊዜ 195 ሜትር 975 ሜትር ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ለመሙላት፣ አንድ ዴስክ ለማትረፍ ማለት ነው፣ 25 ሜትር ጎደለችኝ።

ስለዚህ ሒሳቡ እንዲህ ነው። 210 ዴስክ ከአምስቱ፣ አንድ ከትርፏ፣ 211። እስከ ትናንት ተጠግኖ ክፍል የገባው 163 ነው። 48 ቀርቷል። ብረቱ ተቃንቶ ተቀምጧል፣ የሚጠብቀው ጣውላ ነው። ቃል ገብታችሁ የረሳችሁ አላችሁ፤ አብሽሩ፣ ስማችሁን አልጠራም፣ ቴሌብሬ ግን እዚያው ነው ያለችው፣ ትምህርትም ሊከፈት ነው። ለጨረሳችሁት፣ ለከፈላችሁት፣ እንዲሁ «አይዞህ» ላላችሁኝም፣ ዱአ ላደረጋችሁልኝ፣ ሻማ ላበራችሁልኝ፣ በያጁን ቡና ላጠጣችሁልኝ፣ ዓመቱ የጤና፣ የጥጋብና የሰላም ይሁንላችሁ። «የእህትህ ልጅ የበዓል ካርድ ጽፋልሃለች» ብላ እናቴ ትላንት ሰጠችኝ፤ ብትሳሳትም «እንኳን አደረሰህ» የምትለዋ መስመር ቀጥ ብላለች። ማስመሪያ ተጠቅማ ይሆናል፣ አልጠየቅኳትም።

25ቷን ሜትር ትናንት ማታ ሮጥኳት። ችቦው ሊለኮስ ሲል ነው። በያጁ ሜትሩን ይዞ መጣ፤ ሜትሩ አምስት ሜትር ብቻ ስለሆነ አምስት ጊዜ ዘረጋው፣ በጠመኔ አሰመረ። መንደሩ ሁሉ ወጣ። ጫማዬ ገና አልደረቀም፣ ነጠላ ጫማ ነው ያደረግኩት። ጋሼ ዱካቸውን ከቤት አስወጥተው መጨረሻው መስመር ላይ አስቀመጡና ጋቢያቸውን ደርበው ቁጭ አሉ። ንጉሡ ተመቻቸው። ልጆቹ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት!» አሉ፣ ወጣሁ፤ አሥራ አምስተኛው ሜትር ላይ አንዱ ጫማዬ ከኋላ ቀረ፣ በአንድ ጫማ ገባሁ። ሁሉም አጨበጨበ። ጋሼ አላጨበጨቡም። የጠመኔውን መስመር ጎንበስ ብለው አዩት፣ በያጁንም አዩት።

«ሜትሩ መሀሉ ላይ ረግቦ ነበር» አሉ። «ድገመው።»

ደገምኩት።