ከነቅጣቱ

የመርሳት ሕመም ያለባቸውን አረጋውያን ቤት ለቤት እየዞርን ስንከታተል፣ አስተባባሪያችን ሥራውን በዓይናቸው ለማየት ፈልገው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ድረስ አብረውኝ መጡ። የደረስነው ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ግድም ሲሆን፣ ቀኑ መምሸት ሲጀምር መቅበጥበጡና «ቤቴ ውሰዱኝ» ማለቱ እንደሚብስ በሙያው ያለ ሁሉ ያውቀዋል።

እናትየው ዕድሜያቸውን የፈጁት ካዛንቺስ ነው፤ የሰፈራቸው እድር ገንዘብ ያዥም ነበሩ። ነጠላቸውን አጣፍተው በር ላይ ቆመው «አባትሽ እስካሁን አልመጣም?» ሲሉ፣ ሥራዋን ትታ የምታስታምማቸው ልጃቸው ምስር መልቀሟን ሳታቋርጥ «እድር ስብሰባ ላይ ነው እማዬ፤ ያመሻል» አለቻቸው። አባትየው ካረፉ ዓመታት ተቆጥረዋል።

አስተባባሪያችን ፊታቸውን አኮሳትረው «ይህ ማታለል ነው፤ እውነቱ በየቀኑ ሊነገራቸው ይገባል» አሉ። ልጅቷ ሰፌዱን አስቀመጠችና «በየማታው መርዶ ላርዳት ነው የሚሉኝ?» አለቻቸው።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይገባቸው ነበር። በአልዛይመር አስቀድሞ የሚጠፋው የቅርብ ጊዜው ትውስታ ስለሆነ፣ መርዶው ትናንት መነገሩ አይታወስም፤ ሐዘኑ ግን በተነገረ ቁጥር ትኩስ ነው። ቀንና ቦታን እያስታወሱ ማለማመድ ሕመሙ ገና ሳይጠና ለአንዳንዱ ይጠቅም ይሆናል፤ ለእኚህ እናት ግን ጊዜው አልፏል።

አስተባባሪያችን ግን ስለ እውነት ማብራራታቸውን ቀጠሉ። በዚህ መሐል እናትየው አስተባባሪው በብብታቸው የያዙትን ክላሰር ትኩር ብለው አዩና «አንተ፣ የታኅሣሥን መዋጮ የማታስገባው ለምንድን ነው?» አሏቸው። «እማማ፣ እኔ የጤና ባለሙያ ነኝ» ቢሏቸው «ባለፈውም ይህንኑ ብለሃል!» ብለው ክላሰሩን ጨምድደው ያዙት። ጉተታው ቀጥሎ የፊት ለፊቱ ጎረቤት በሩን ከፍቶ ማየት ሲጀምር፣ አስተባባሪያችን ላብ ላብ ብሏቸው «ነገ ጠዋት አስገባለሁ» አሉ።

«ከነቅጣቱ!»

«ከነቅጣቱ፣ እማማ።»

ክላሰሩ ተለቀቀ። ልጅቷ ምንም እንዳላየ ሰው ወደ ምስሯ ተመለሰች።

በሪፖርቱ ላይ «ተንከባካቢዋ እውነቱን በማስረዳት ረገድ ሥልጠና ያስፈልጋታል» ተብሎ ተጻፈ። የተንከባካቢን ጫና ለመለካት የሚያገለግለው የዛሪት መጠይቅ 22 ጥያቄዎች አሉት፤ በእኛ ቅጽ ላይ ግን ለተንከባካቢ የተተወው አንድ መስመር ብቻ ሲሆን፣ በዚያም ላይ «ደህና ናት» የሚል ሰፍሯል። ሌሊት ስንት ጊዜ እንደምትነሳ፣ ቤተ ክርስቲያን ለመሳም እንኳ ስትፈልግ እናቷን ለማን ትታ እንደምትሄድ የጠየቃት የለም። የእሷም መላ ቢሆን ሁልጊዜ አይሠራም፤ አንዳንድ ማታ እናትየው «የምን ስብሰባ ነው እስከዚህ ሰዓት?» ብለው በሩን ይደበድባሉ፤ ያን ጊዜ ደግፋ ደረጃውን ታወርዳቸውና ብሎኩን አዙራ «ይኸው ቤትሽ ደረስን» እያለች ትመልሳቸዋለች።

ቢሯችን ውስጥ የቡና መዋጮ ያዘገየ ሰው ሲገኝ «ከነቅጣቱ» እንባባላለን። አስተባባሪያችን የሚያስቀን ነገር እስካሁን አልገባቸውም፤ ወይም ያልገባቸው መምሰልን መርጠዋል።