ያልነበሩበት እሁድ

ቪዲዮ ቀርጬ የማድር ሰው ነኝ። ጥር ላይና ከፋሲካ በኋላ ሰርግ፣ ሰኔና ሐምሌ ምረቃ፣ በመሃል የተገኘውን። እሁድ ጠዋት ግን ያለ ክፍያ አገለግላለሁ፤ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ኮዬ ፈጬ ሲኬድ ከአስፋልቱ ገባ ብላ ባለች የቆርቆሮ አዳራሽ። ክረምት ላይ ባጃጆቹ እዚያ ድረስ አይገቡም። «ውረዱ፣ ከዚህ ወዲያ ዋልካ ነው» ይላሉ። እኔም ትራይፖዱን ትከሻዬ ላይ፣ ካሜራውን ጃኬቴ ውስጥ አድርጌ፣ ጫማዬን ከጭቃው እየነቀልኩ እደርሳለሁ።

የሚዲያ ክፍል የምንባለው አራት ነን። ሦስቱ ልጆች ስለ አሜሪካዊው የቴሌቪዥን ሰባኪ ስለ ጆኤል ኦስቲን ሳያወሩ አይውሉም። መብራቱን አያችሁ? መድረኩን አያችሁ? ያን ሁሉ ሰው አያችሁ? እኔም ሰውየውን ብዙ አይቼዋለሁ፣ ስብከቱ ግን ብዙም አይዘኝም። በቀልድ ይጀምራል፣ በፈገግታ ይቀጥላል፣ ነገ ከዛሬ ይሻላል ብሎ ያበቃል። ተቺዎቹ የብልጽግና ወንጌል ይሉታል፣ ያመነ ሀብትና ጤና ያገኛል የሚል ትምህርት ማለት ነው (እኛ አገር ስሙ ፓርቲ ከመሆኑ በፊት ቸርች ውስጥ ነበር የምንጨቃጨቅበት)። እኔ የማየው አቆራረጡን ነው።

ሰውየው የሙያ ባልደረባዬ ነዋ! አባቱ ጆን ኦስቲን ሂውስተን፣ ቴክሳስ ውስጥ ሌክውድ ቸርችን በ1959 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ባለቤቱ ጥሎት በሄደ የከብት መኖ መጋዘን ነው። የእኛም አዳራሽ ድሮ ብሎኬት ማምረቻ ነበር፤ ከመዘምራኑ ወንበር ኋላ የደረቀ ሲሚንቶ ዛሬም አለ። ልጁ በ1963 ተወለደ፣ ኦራል ሮበርትስ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ ሳይመረቅ ጥሎ ተመለሰና የአባቱን ስብከት በቴሌቪዥን የሚያስተላልፈውን ክፍል አቋቋመ። ከዚያ በኋላ 17 ዓመት ከካሜራ ጀርባ። አባትየው እስኪ አንድ ቀን ስበክ ሲሉት እምቢ፤ ደግመው ሲሉት እምቢ። መድረክ ላይ የወጣው አባቱ ታመው ሆስፒታል ሲተኙ ነው፤ ጃንዋሪ 17 ቀን 1999። የአባቱን ጫማ አድርጎ ሰበከ፣ አባቱም ከአልጋቸው ሆነው በስልክ ሰሙት። ሳምንት ሳይሞላ፣ ጃንዋሪ 23 ቀን፣ አረፉ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ዋና ፓስተር ሆነ።

የነገረ መለኮት ዲግሪ የለውም። ያለው 17 ዓመት ሙሉ ኤዲት ማድረግ ነው። የቱ ላይ ትንፋሽ መውሰድ እንዳለበት፣ የቱ ላይ ፊቱን ወደ ካሜራ እንደሚያዞር፣ ሕዝቡ መቼ መታየት እንዳለበት ያውቃል። ስብከቱ ጠንከር ሲል ሁልጊዜ አንድ ፊት ብቅ ይላል፦ ራሱን የሚነቀንቅ አባት፣ ዓይኗ እንባ ያቀረረ ሴት። እኛ ኤዲተሮች ኢንሰርት የምንለው ነው። ተናጋሪውን ትልቅ የሚያደርገው የሰሚው ፊት ነው፤ ይህን ሰርግ ቀራጭ ሁሉ ያውቀዋል። የሙሽራዋ እናት ካላለቀሰች ሰርጉ ሰርግ አይመስልም።

የቀረውን ብዙ ሰው ያውቃል። በ2003 ሂውስተን ሮኬትስ ቅርጫት ኳስ ይጫወትበት የነበረውን ኮምፓክ ሴንተር በኪራይ ተረከቡ፣ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አፍስሰው አደሱት፣ በ2005 ጁላይ 16 ሺህ ወንበር ይዞ ተከፈተ፣ በ2010 በ7.5 ሚሊዮን ገዙት። ከመድረኩ ኋላ መስቀል የለም፤ የምትዞር ትልቅ ወርቃማ የምድር ሉል እንጂ። መጽሐፉ በሚሊዮን ተሸጠ፣ ከቸርቹ ደመወዝ መውሰድ አቆምኩ አለ፣ ተወደደም ተጠላም ታዋቂ ሆነ። በዚያው በ2005 የሲኤንኤኑ ጠያቂ ላሪ ኪንግ አስቀምጦት በክርስቶስ ስለማያምኑ ሰዎች ሲጠይቀው «አላውቅም» እያለ ሲሸሽ ታየ፤ አማኞች ተቆጡና ይቅርታ ጠየቀ። ያን ፕሮግራም የሱ ኤዲተር አልነካውማ።

ወደ ቆርቆሯችን ልመለስ። የእኛ ፓስተር ስድሳዎቹን የጀመሩ፣ ቀጭን፣ ኮታቸው ሁልጊዜ አንድ የሆነ ሰው ናቸው። ካሜራ አይወዱም። ካሜራውን የሚወዱት ሌሎች ናቸው፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ በየሳምንቱ ትከሻዬን መታ አድርገው «ባዶ ወንበር እንዳታሳይብን» ይሉኛል። አላሳይም። ካሜራውን ዝቅ አድርጎ በረጅም ሌንስ ከጎን ለሚያነሳ ሰው ሰማንያ ምእመን ሦስት መቶ ይመስላል። ኮምፒውተሬ ላይ ደግሞ ሦስት ፎልደር አለኝ፦ «አሜን»፣ «ጭብጨባ»፣ «እንባ»። ጥሩ ፊት ባገኘሁ ቁጥር ቆርጬ አስቀምጣለሁ። ሲጎድል ከዚያ እሞላለሁ።

ባለፈው ሐምሌ አንድ እሁድ፣ ፓስተር ሰብከው መሃል ላይ ሳይደርሱ ያ ዝናብ ወረደ። በቆርቆሮ ጣሪያ ስር ቆሞ ዝናብ ያየ ያውቀዋል፤ ሞንታርቦውን እስከ መጨረሻ ብትከፍተው አንድ ቃል አይሰማም። ፓስተር ትንሽ ታገሉ። ከዚያ ማይኩን አስቀመጡና ጣሪያውን አይተው ሳቁ። ወዲያው በግራ በኩል ማፍሰስ ጀመረ። ከመድረክ ወርደው ከበሩ ኋላ የጽዳት ባልዲ አመጡ፣ የሚያፈሰው ስር ደቅነው አጠገቡ ቁጭ አሉ፤ ሲሞላ ውጭ ደፍተው ይመለሳሉ። ሕፃናቱ ባልዲው ሲሞላ መቁጠር ጀመሩ። አስራ ዘጠኝ ደቂቃ። ካሜራዬ ሁሉንም ይዞታል።

ሰኞ ማታ ኤዲት ሳደርግ አስራ ዘጠኙን ደቂቃ ጣልኩት። ድምፅ የለውም፣ ስብከት የለውም፣ ምን ላደርገው? የተቆረጠበት ቦታ ግን ይዘላል፤ የፓስተር እጅ ወደ ላይ የነበረው በአንዴ ወደ ታች ይሆናል። መዝለሉን ለመሸፈን ከ«እንባ» ፎልደር ሦስት ፊት አወጣሁና ደረደርኩ። መሃለኛዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው የሚያለቅሱ እናት ነበሩ። በጣም ያምር ነበር፣ እውነቴን ነው። ቀኑን ጽፌ ፌስቡክ ላይ ጫንኩት።

በሳምንቱ እኚያው እናት ከፕሮግራም በፊት መጡ።

«ልጄ፣ ያን እሁድ እኮ አልመጣሁም።»

አልገባኝም ነበር። ደም ብዛታቸው ተነስቶ ቤት ተኝተው ነበር። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ገላን የባለቤታቸው የአጎት ልጅ ቀብር ነበረ፤ ታምሜያለሁ ብለው ልከው ቀሩ። ሲሻላቸው ለቅሶ ሊደርሱ ሲሄዱ የሟች እህት ስልኳን ዘርግታ ጠበቀቻቸው። ቪዲዮው፣ ቀኑ፣ እሳቸው በነጠላ። «ለወንድሜ የጠፋው እንባ ለፓስተርሽ ተገኘ?»

ምድር ብትከፈት ደስ ባለኝ። ያ ቀረጻ የግንቦት ነበር። እንደምንም ብዬ ይቅርታ ስጠይቅ፣ ስብከቱ ነክቷቸው ይሆናል ብዬም ይሁን ለማጽናናት፣ «ያኔም ግን ቃሉ ልብዎን ነክቶት ነበር» አልኳቸው።

«ስብከቱንማ መች ሰማሁት» አሉ። «ልጄ ከቤሩት ሳትደውልልኝ ሦስተኛ ወሯ ነበር።»

ላፕቶፔን ይዤ አብሬያቸው ገላን ሄድኩ። ሌላ መንገድ አልታየኝም። ድንኳኑ ተነስቷል፣ ቤቱ ግን ገና ሰው አልተለየውም። ቡና ቀረበ። እኔ ሶፋው ጫፍ ላይ ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ እንደ ተከሳሽ፣ የግንቦቱን ፋይል ከነቀኑ ከፈትኩ። ከዚያ የሐምሌውን፣ ያልተቆረጠውን። ዝናቡ ሲመጣ፣ ፓስተር ባልዲ ይዘው ሲሮጡ፣ ሐዘንተኞቹ ሳያስቡት ሳቁ። እናትየው የሉም፤ የሚቀመጡባት ወንበር ባዶዋን ትታያለች። የሟች እህት ተነስታ ሳመቻቸው። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ነጠላ ያጣፉ ሽማግሌ ግን አልሳቁም።

«ሌሎቹ ሁለቱስ?» አሉኝ።

«አቤት አባቴ?»

«አብረዋት የሚታዩት ሁለቱ። እነሱስ ነበሩ?»

አልነበሩም።

ማክሰኞ ለፓስተር ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሳቸው ግን ስለ ደርግ ዘመን ጀመሩ። በሳቸው ወጣትነት አዳራሾቹ ታሽገው ምእመኑ በየቤቱ ነበር የሚገናኘው፤ አንድ አንድ እያሉ መግባት፣ አንድ አንድ እያሉ መውጣት፣ መዝሙሩም በሹክሹክታ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው የተገደሉበት ጊዜ ነው። «በእኛ ጊዜ ፎቶ ማስረጃ ነበር» አሉ። «ፊትህ ካለ ነበርክ ማለት ነው። ከነበርክ ደግሞ ትታሰራለህ።» ቤታቸው የዚያ ዘመን የቡድን ፎቶ አንድም የለም። ጓደኞቻቸውን ፊታቸውን እየረሱ እንደሆነ ነገሩኝ። ከዚያ ዝም አሉና፣

«ባልዲዋን ግን ለምን ቆረጥካት?»

ያን ሌሊት የሂውስተንን ጎርፍ አስታወስኩ። በኦገስት 2017 ሃርቪ የሚባለው አውሎ ነፋስ ከተማዋን ሲያጥለቀልቅ ሌክውድ በሩ ተዘግቶ ነበር። ቸርቹ ምድር ቤታችን ውሃ ገብቶበታል፣ መንገዱም አያስገባም አለ፤ ሰዉ ግን በየስልኩ ደረቅ ደረቁን ግቢ እያነሳ በኢንተርኔት ለቀቀው። ከጥቂት ቀን በኋላ በሩ ተከፈተ፣ ተፈናቃይም ተቀበሉ፤ የመጀመሪያው ምስል ግን ከሰው ዓይን አልጠፋም። እኔ ሰውየው ያን ቀን ክፉ ነበረ ለማለት አልደፍርም፤ ሕንፃው ቸርች ከመሆኑ በፊት በ2001 እውነትም በጎርፍ ተጥለቅልቆ ነበር። ግን 17 ዓመት ሙሉ ምን እንደሚታይ ሲመርጥ የኖረ ሰው፣ ሌሎች በመረጡት ምስል ተዳኘ። ያን ሰሞን ባልዲ የያዘ አንድ ፎቶ ስንት ባወጣለት!

ቪዲዮውን አወረድኩና ያልተቆረጠውን ጫንኩ፤ ከነአስራ ዘጠኝ ደቂቃው። አርባ አንድ ሰው አየው። አንዱ «ድምፁ አይሰማም» ብሎ ጻፈ። ልክ ነው፣ አይሰማም። ሽማግሌው ትከሻዬን መምታት አላቆሙም፣ የሚዲያ ልጆቹም አኩርፈውኛል፤ ቻናላችንን ገደልከው ይሉኛል። ፎልደሮቹን አጠፋኋቸው ብል ደስ ባለኝ ነበር። አላጠፋኋቸውም። በየፋይሉ ስም ላይ ቀን ጻፍኩበት፣ ያን ያህል ነው የቻልኩት።

በቀጣዩ እሁድ እናትየው የለመዱትን ወንበር ትተው ከትልቁ ሞንታርቦ ኋላ ያለችውን ያዙ። ጆሮ የሚያደነቁር ቦታ ነው፤ ማንም አይቀመጥባትም። ትራይፖዱን ስዘረጋ በእጃቸው ጠሩኝ።

«እዚህ ጋ ታገኘኛለህ ልጄ?»

በሌንሱ አየሁ።

«አላገኝዎትም።»

«እሺ» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።