ታዲያ ብረቱስ?

ዛሬ ደሴ ፒያሳ፣ መድኃኒት ቤት ሰልፍ ላይ። ከፊቴ የነበሩት አባት የደም ግፊት ኪኒናቸውን ሎሳርታንን ተቀበሉና "ልጄ፣ ይቺ ከምንድን ነው የምትሠራ?" አሉኝ። የኬሚስትሪ አስተማሪ መሆኔን ያውቃሉ።

ስትሠራ ሁለት የካርቦን ቀለበቶችን፣ ማለትም ክብ ሠርተው የተያያዙ የካርቦን አቶሞችን፣ ፓላዲየም የሚባል ብረት ያጣምራቸዋል አልኳቸው። መጀመሪያ አንዱን ይይዛል፣ ቀጥሎ ሌላውን። እንደ ሽማግሌ አጋብቷቸው ይወጣና ሌላ ጥንድ ይፈልጋል። ለዚህ ነው ጥቂቱ ብዙ የሚሠራው። ኬሚስቶቹ ሄክ፣ ነጊሺና ሱዙኪ እ.ኤ.አ. በ2010 ኖቤል የተሸለሙት በፓላዲየም ካርቦንን ከካርቦን በማጣመር ነው።

አባባ ትንሽ አሰቡና "ታዲያ ብረቱ ኪኒኗ ውስጥ አይቀርም?" አሉ።

እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! ፋብሪካዎቹንም የሚያሳስባቸው ይኸው ነው፤ ቅሪቱን ማጣራትና መለካት አለባቸው። እኛ አስተማሪዎች ግን ትራንዚሽን ሜታልን (እንደ ፓላዲየም ያሉትን ብረቶች) በአንድ ምዕራፍ፣ ኦርጋኒክን (የካርቦን ውህዶችን ኬሚስትሪ) በሌላ እናስተምራለን። የሚገናኙበትን አናሳይም። ሰኞ ክፍል ገብቼ የምጀምረው በዚህች ኪኒን ነው።