የዓድዋን ዘመቻ በስንቅ በኩል፦ ትንሽ ስቱዲዮ ሆነን ስትራቴጂ ጌም እንዴት ሠራን

ስለ ዓድዋ ጌም እየሠራን ነው ስንል የሰማ ሁሉ የሚጠይቀን ስለ ውጊያው ቀን ነው። ስንት ወታደር ይታያል? መድፉስ? ፈረሰኛውስ? እኛ ሦስት ሰዎች ነን። አንዱ ሥዕል ይሠራል፣ አንዷ የታሪክ መምህርት ናት፣ እኔ ኮድ እጽፋለሁ። መቶ ሺህ ሰው ስክሪን ላይ ማዋጋት ብዙ ገንዘብና ብዙ ሠራተኛ ያላቸው ስቱዲዮዎች ሥራ ነው። እኛ የመረጥነው ከየካቲት 23 በፊት ያሉትን ወራት ነው። አቅም ስላነሰን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ዘመቻው በአብዛኛው የተወሰነው በእነዚያ ወራት ነው ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ታሪኩን አስታውሱት። በ1888 ዓ.ም. መስከረም ላይ የክተት አዋጁ ታወጀ፤ ጥቅምት ላይ አፄ ምኒልክ ከአዲስ አበባ ተነሱ። ኅዳር 28 ቀን አምባ አላጌ ላይ የኢጣሊያው ሜጀር ቶዜሊ ጦር ተሸነፈ። ቀጥሎ የመቀሌው እንዳ ኢየሱስ ምሽግ መጣ። ምሽጉ በጥቃት አልደፈር ሲል እቴጌ ጣይቱ ምንጩን አስያዙት፤ ውስጥ ያለው ጦር ውሃ ጥም ሲጠናበት በጥር ወር ምሽጉን ለቆ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ጦሮች ዓድዋ አካባቢ ተፋጠጡ፤ ሁለቱንም ስንቅ እያለቀባቸው ነበር። የኢጣሊያ ጦር አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪ ወደ ኋላ እንመለስ ወይስ እንግጠም ብሎ ጄኔራሎቹን ሲሰበስብ እጁ ላይ የቀረው የጥቂት ቀን ቀለብ ነው። በእኛም በኩል አገሩ ያን ሁሉ ሠራዊት መቀለብ አቅቶት ስለነበር ሰፈሩን ለቆ መሄድ እየታሰበ ነበር። ማን ቀድሞ ይራባል የሚለው ጥያቄ እንዲህ ካርታው መሃል ቁጭ ብሎ ሳየው፣ የምንሠራው ጌም ምን እንደሆነ አወቅሁ።

ስለዚህ ተጫዋቹ በየተራው የሚወስነው አንድ ነገር ነው፦ ጦሩን አንቀሳቅሶ ስንቁን ይጨርስ ወይስ ተቀምጦ ጠላትን ያስርብ? የቀረው ሁሉ ለዚህ ውሳኔ ያገልግል አልን። ግብር መሰብሰብ፣ ከተማ መገንባት፣ የጦር መሣሪያ ማሻሻል፣ በዚህ ዓይነት ጌም ውስጥ የተለመደው ሁሉ ወጣ። ሰዓሊያችን አንድ ሙሉ የቤተ መንግሥት ስክሪን ሠርቶ ነበር፤ በጣም ያምራል፣ ግን ውሳኔውን አያግዝምና ቀረ። ስቱዲዮ ለመክፈት ለሚያስብ ሰው ከዚህ የሚበልጥ ምክር የለኝም፤ በቅድሚያ ውሳኔው ይታወቅ፣ ከዚያ የማያግዘውን ለማስወጣት ጨክኑ።

ኮድ ከመጻፋችን በፊት በወረቀት ተጫወትነው። ካርቶን ላይ ካርታ ሳልን፤ የለስላሳ ቆርኪ ክፍለ ጦር ሆነ፣ ሽምብራ ደግሞ ስንቅ። መምህርቷ ተማሪዎቿን ቤቷ ጠርታ ታጫውታቸው ነበር። አንድ የአሥረኛ ክፍል ልጅ የኢጣሊያን ወገን ይዞ ሲጫወት ሽምብራው ባነሰ ቁጥር በመዳፉ ይሸፍነው ጀመር፤ ተጋጣሚው ስንት እንደቀረው እንዳያይበት ነው። ሕጉ እንዲህ አድርግ አላለውም። እኔና መምህርቷ ተያየን። የጎደለን እሱ ነበር! የጠላት ስንቅ የሚታይ ከሆነ ነገሩ ሒሳብ ብቻ ነው፤ የማይታይ ሲሆን ግን ሰላይ ያስፈልጋል፣ ወሬ ማመንና መጠርጠር ይመጣል። ታሪኩም ይህንኑ ይላል፤ ባሻ አውዓሎም የኢጣሊያ ሰላይ መስለው ባራቲየሪን እንዴት እንዳሳሳቱት የማያውቅ የትግራይ ሽማግሌ የለም። በማግስቱ የስንቁን ቁጥር ደብቀን ሰላዮችን አስገባን፤ ጌሙ ያን ቀን ነፍስ ዘራ።

በዚህ ነገር ብዙ ያስተማረኝ ሰብሴት ጌምስ የሚባለው ስቱዲዮ ነው። ሁለት ሰዎች የጀመሩት ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጌማቸው፣ ለኤፍቲኤል፣ ከሕዝብ መዋጮ በሚሰበሰብበት ድረ ገጽ፣ ኪክስታርተር ላይ፣ 10,000 ዶላር ጠይቀው ከ200,000 ዶላር በላይ አገኙ። ከዚያ በ2018 ያወጡት ኢንቱ ዘ ብሪች የሚጫወተው ስምንት በስምንት በሆነች ሰሌዳ ላይ ነው፤ ጠላት ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ያሳያችኋል። ሰሌዳው ትንሽ፣ ሁሉም ነገር ግልጽ፣ ሆኖም ጭንቅላት የሚያዞር። እኛ ከእነሱ የወሰድነው ግልጽነቱን ነው፤ የጠላት ጦር የት እንዳለ ሁሌም ይታያል፣ የሚደበቀው ሆዱ ብቻ ነው። የገንዘብ መንገዳቸው ግን ለእኛ አልሆነም፤ ኪክስታርተር ከኢትዮጵያ ፕሮጀክት አይቀበልም። ስለዚህ ቀን ቀን ለሰው አፕሊኬሽንና ድረ ገጽ እየሠራን፣ ማታና ቅዳሜን ለጌሙ ሰጠን።

ጌሙን የምንሠራበት ሶፍትዌር ጎዶ (Godot) ነው። ነፃ ነው፣ ኮዱ ክፍት ነው፣ ሲወርድም ቀላል ነው፤ ኢንተርኔት በማይታመንበት ቦታ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ዩኒቲ የሚባለው ሌላው የጌም መሥሪያ ሶፍትዌር ባለቤት ጌም በተጫነ ቁጥር አስከፍላለሁ ብሎ ሲያስታውቅ ብዙ ትንንሽ ስቱዲዮዎች ተደናገጡ። በዓመቱ ውሳኔውን ቢሰርዝም፣ የራስ ያልሆነ ዋጋ ላይ ሥራን መመሥረት ምን እንደሚያስከትል ሁሉም አየው።

ከሁሉ ያደከመኝ ጽሑፉ ነው። ፊደላችን በትንሹ ሲጻፍ ጨ፣ ጩ እና ጬ ስልክ ላይ አይለዩም፤ ስለዚህ አዝራሮቹን ሁሉ አስፍተን ጽሑፉን አሳጠርን። ከዚያ የአረፍተ ነገሩ ጣጣ መጣ። ፕሮግራም ስጽፍ የለመድኩት ስሙን ባዶ ቦታ ላይ መሰካት ነው፤ «እገሌ ደረሰ»፣ «እገሌ ተሸነፈ»። እንደዚያ ሲሆን ስክሪኑ ላይ «እቴጌ ጣይቱ ደረሰ» የሚል መጣ። መምህርቷ ይህን ይዘን ሰው ፊት አንቀርብም አለች፤ ልክ ነበረች። አሁን እያንዳንዱ ስም ወንድ፣ ሴት፣ ብዙ ወይም አንቱ የሚል ምልክት አለው፤ ግሡ በዚያ መሠረት ይመረጣል። ራስ አሉላ ይደርሳሉ፣ ፈረሰኛው ይደርሳል፣ በቅሎዎቹ ይደርሳሉ። ብዙ ማታ ፈጅቶብኛል፤ ግን አንድ አያት ከልጅ ልጃቸው ጎን ተቀምጠው ጮክ ብለው ሲያነቡት አንድም ቦታ ሳይደናቀፉ ስሰማ ድካሙን ረሳሁት።

ስለ ሽያጭ ባጭሩ ልንገራችሁ። ስቲም በሚባለው የኮምፒውተር ጌም መሸጫ ድረ ገጽ ላይ አንድ ጌም ለማስገባት 100 ዶላር ይከፈላል፤ ሽያጩ 1,000 ዶላር ሲያልፍ ይመለሳል። ከሚሸጠው 30 በመቶው የእነሱ ነው። ዶላሩን ከዚህ መክፈል ስላልተቻለ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ከፈለልን። የበለጠ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሌላ ሕጋቸው ነው፤ ገዢው ከሁለት ሰዓት በታች ከተጫወተና ሁለት ሳምንት ካልሞላው ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል። ስትራቴጂ ጌም ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚጥመው። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያውን ምዕራፍ እንዳ ኢየሱስ አደረግነው፤ አንድ ምሽግ፣ አንድ ምንጭ፣ ጥቂት ተራ። መምህርቷ የጊዜ ቅደም ተከተሉ ተፋለሰ፣ አምባ አላጌ ይቅደም ብላ ተከራክራኛለች። ምዕራፉ ላይ ቀኑን በጉልህ ጽፈን ተስማማን። እዚህ አገር ግን አብዛኛው ሰው የሚጫወተው በስልክ ነው፤ ለዚያ ካርታውን እንደገና አሳንሰን፣ አሮጌ ስልክ ላይ ሳይንተፋተፍ እስኪሄድ ድረስ ሥዕሎቹን አቅልለናል።

የካቲት 23 በጌሙ ውስጥ አለች፤ ግን አጭር ናት። 17,700 ገደማ ሰውና 56 መድፍ ያለው የኢጣሊያ ጦር በሌሊት ይንቀሳቀሳል። የአልበርቶኔ ብርጌድ የኪዳነ ምሕረትን ኮረብታ በካርታ ስህተት አልፎ ከሌሎቹ ይነጠላል። ተጫዋቹ ስንቁን ጠብቆ፣ ሰላዮቹን አሰማርቶ ከቆየ ይህ ክፍተት ይታየዋል፤ ካልቆየ ሠራዊቱ ለስንቅ ፍለጋ ተበትኖ ያገኘዋል።

አሁን የያዘን የኢጣሊያው ወገን ነው። ባራቲየሪን የያዘ ተጫዋች ሳይዋጋ ወደ ኤርትራ ቢያፈገፍግ ምን ይባል? መምህርቷ ጦሩን አድኗልና አሸንፏል ትላለች። እኔ ደግሞ ሮም ተቀምጦ በቴሌግራም የሚጎተጉተው የጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ መንግሥት ያን እንደ ድል አይቆጥርም እላለሁ። ለጊዜው ግማሽ ነጥብ ሰጥተነዋል፤ የሚቀጥሉት ተጫዋቾች ምን እንደሚሉ አይተን እንወስናለን።