ጠገራው ላይ 1780 ይላል

ሳንቲም ሁሉ ገንዘብ ነው ብሎ የሚደመድም ሰው የጉምሩክ ታሪፍ መጽሐፍ ገልጦ አያውቅም። እኔ ኮምቦልቻ ውስጥ ትራንዚት ቢሮ ነው የምሠራው። አብዛኛው ሥራችን ብረት፣ ጨርቅ፣ ክርና መለዋወጫ ነው። ሳንቲም የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ሲመጣ ግን ቢሮውን ያምሰዋል።

ይሄኛው ከደሴ ነው የመጣው። የብር ጌጥ የሚነግዱ አንድ ሐጂ ውጭ አገር ገዢ አግኝተዋል። ሰውየው ጌጥም ይገዛል፣ ሳንቲምም ይሰበስባል። ሐጂ ከባቲ የሰኞ ገበያና ከየዘመዱ ቤት ያጠራቀሙትን በትልቅ የብስኩት ቆርቆሮ ሞልተው ሐረጎን ወርደው መጡ።

ሰነዱን የያዘው አዲስ የገባ ልጅ ነበር። ቀልጣፋ ነው፤ ኪቦርድ ላይ ጣቱ አይታይም። ቆርቆሮውን ከፈተና ከላይ ያለውን ጠገራ አነሳ። ሴትዮዋ አለች፣ ከጀርባዋ ሁለት ራስ ያለው ንስር፣ ከዳር 1780። «ሐጂ፣ ይሄማ ከእኛ ቅድመ አያቶች ይበልጣል!» አለና ሁሉንም በአንድ መስመር «ጥንታዊ ሳንቲሞች» ብሎ 97.05 ላይ ጣለው። 97.05 በታሪፍ መጽሐፉ የሰብሳቢዎች ዕቃ የሚመደብበት አንቀጽ ነው።

ዲክላራሲዮኑ፣ ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ ማሳወቂያ፣ ወዲያው ተመለሰ። ፈታሹ ያነሳው ጥያቄ ሁለት ብቻ ነው። ዕድሜው በምን ተረጋገጠ? ጥንታዊ ከሆነስ የቅርስ መውጫ ፈቃዱ የታለ? ልክ ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ፈታሽ ሲገጥመኝ ደስ ይለኛል፣ ሥራ ቢያበዛብኝም።

ልጁ ግን ተናደደ። «ለሚወጣ ዕቃ ቀረጥ አይከፈል፣ ቁጥሩ ምን አገባቸው?» ይህን ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። የታሪፍ ቁጥር ቀረጥ ማስያ ብቻ አይደለም። የትኛው ፈቃድ እንደሚጠየቅ የሚታወቀው በእሱ ነው። ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች በዓለም አቀፉ የታሪፍ ስምምነት ያሉ አገሮች ሁሉ የሚጋሯቸው ናቸው። እዚህ የተጻፈውን ገዢው አገር ያለው ጉምሩክ ያነበዋል። ሳይመስለው ከቀረ ዕቃው እዚያ ይታሰራል፣ ስልኩ ለሐጂ ይደወላል።

ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አንጥፈን ቆርቆሮውን ገለበጥነው። ሐጂ ትንሽ ደንገጥ አሉ። «አብሽሩ» አልኳቸው፤ «የሚጠፋብዎት ነገር የለም።»

ከጠገራው ጀመርን። ሴትዮዋ የኦስትሪያ ንግሥት የነበረችው ማርያ ቴሬዛ ናት። የሞተችው በፈረንጆቹ 1780 ነው። ከሞተች በኋላ ግን ጠገራዋ መመታቱን አላቆመም። በዚያው መልክ፣ በዚያው ዓመተ ምሕረት ቀጠለ። ቪየና ብቻ አይምሰልዎ። ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ቦምቤይ ተመቷል። ጣሊያን ደግሞ ሊወረን ሲዘጋጅ በፈረንጆቹ 1935 ማተሚያውን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ መታው፣ በእኛው ገበያ ሊገዛበት። ቪየና ዛሬም ትመታዋለች። እንግዲህ 1780 የሚለው የሳንቲሙ ልደት አይደለም፣ የመልኩ አካል ነው። በዓይን አይቶ ይሄኛው የ1850 ነው፣ ያኛው የ1936 ነው ማለት የባለሙያ ሥራ ነው። ክብደቱም አይለይም፤ ሁሉም ሲሠራ 28 ግራም ከትንሽ ፍርፋሪ ነው፣ ከሺው 833 እጁ ንጹሕ ብር።

ዕድሜውን ብናውቅ እንኳ ሌላ ነገር አለ። 97.05 ውስጥ የሚገባው ለስብስብ የታሰበ መሆኑ በግልጽ የሚታይ ሳንቲም ነው። የታሪፉ ዓለም አቀፍ ማብራሪያ እንደሚለው፣ በተናጠል የሚላክ ከሆነ ከአንድ ዓይነት ጥቂት ጥቂት ነው የሚገኘው። ከሐጂ ቆርቆሮ ደግሞ አንድ ዓይነት ጠገራ ክምር ወጣ። ክምር ስብስብ አይባልም። ጠገራ በየትም አገር ሕጋዊ መገበያያነቱ ቀርቷል፣ ወርቅም አይደለም። ቦታው 7118.10 ነው።

አምበር ተሰክቶበት፣ ማንጠልጠያ ተበይዶለት ሐብል የሆነው ግን ሳንቲምነቱን ለቋል። እሱ 71.13 ነው፣ የብር ጌጥ። አምበሩም ከዚያ አያወጣውም፤ የከበረ ብረት ጌጥ አምበር ሊኖረው እንደሚችል የታሪፉ ምዕራፍ 71 ራሱ ይላል። ተጨፍልቀው ፊታቸው የጠፋ ጥቂት ነበሩ። ለማቅለጥ ካልሆነ የማይረቡ ናቸው፤ እነሱ ቁርጥራጭ ተብለው 71.12 ይሄዳሉ።

ይሄን ጊዜ ልጁ አንድ ጠገራ መስኮት ዳር ወስዶ ያገላብጥ ጀመር። ከሴትዮዋ ራስ በላይ፣ ጠርዙ ላይ፣ የምስር ፍሬ የምታህል ጠቆር ያለች ሻካራ ቦታ አለች። በጣቱ ዳበሳት። «ሐጂ፣ ይሄ ማንጠልጠያ ነበረው?»

«ነበረው። ገዢው ማንጠልጠያ አልወድም ሲል አስፈትቼ በሞረድ አስሞረድኩት።»

ልጁ ወደኔ ዞረ። ጌጥ ነው ወይስ ሳንቲም? ጥሩ ጥያቄ ነው። ጉምሩክ የሚያየው ዕቃው ሲቀርብ ያለበትን ሁኔታ ነው። ትናንት አንገት ላይ መዋሉ አይቆጠርም። ስለዚህ ከክምሩ ጋር ሄደ። ለሐጂ ግን የሞረዷትን ጠባሳ ለገዢው ቀድመው እንዲነግሩት መከርኳቸው። ሰብሳቢ ጠባሳ ሲያይ ዋጋ ይሰብራል። ማንጠልጠያውን ባይነኩት ይሻል ነበር፤ ቢያንስ እንደ ጌጥ ይሸጥላቸዋል።

ከታች በጨርቅ የተቋጠሩ የምኒልክ ብሮች ወጡ። አንበሳው አለ፣ 1887 በግዕዝ ቁጥር ተቀርጿል። እነዚህ እውነተኛ 97.05 ናቸው። በፈረንጆቹ 2022 በወጣው የታሪፉ ዓለም አቀፍ እትም ከመቶ ዓመት በላይ ለሆነው የሳንቲም ስብስብ 9705.31፣ ላልሆነው 9705.39 ተለይቶለታል። ግን ቁጥሩ መውጫ በር አይደለም። ቅርስ ከአገር ሲወጣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ፈቃድ ይፈልጋል። ሐጂ ይሄን አልሰሙም ነበር። «እኔኮ የገዛ አባቴ ነው፣ ከማን ነው የምሰርቀው?» አሉ። ስርቆት ያለ የለም፣ ወረቀት ነው የጎደለው።

በመጨረሻ ከቆርቆሮው ጥግ የዛሬ ሳንቲሞች ተንከባለሉ። ባለ ሃምሳና ሃያ አምስት ሳንቲም፣ በ2002 የወጣው ባለ ሁለት ቀለም አንድ ብርም አለበት። «እነዚህስ?» አልን።

«ምራቂ ናቸው። ብዙ ስለገዛኝ ብዬ።»

ምራቂው ነው የባሰው። ሕጋዊ መገበያያ ስለሆነ 7118.90 ይገባል፣ የኢትዮጵያን ገንዘብ ከአገር ማውጣት ደግሞ በብሔራዊ ባንክ የተገደበ ነገር ነው። ለአንድ ጭብጥ ሳንቲም ሌላ ጥያቄ መጋበዝ ምን ይሠራል? አውጥተን አስቀመጥነው።

ልጁ ሰነዱን አዲስ አድርጎ ጻፈው። ጠገራው አንድ መስመር፣ ጌጡ አንድ፣ የተጨፈለቀው አንድ። እያንዳንዱን ለብቻው አስመዝኖ ክብደቱን በፓኪንግ ሊስቱ ላይ አስገባ፤ ቁጥሩን በ28 አባዝቶ ከመጻፍ ታቀበ፣ ያረጀ ጠገራ እየተፈገፈገ ያልቃልና። ዲክላራሲዮኑ አለፈ።

የምኒልኮቹ ጉዳይ ገና ነው። ሐጂ መልሰው በጨርቁ ቋጠሯቸው፤ ፈቃዱን አዲስ አበባ የሚከታተልላቸው የወንድም ልጅ አላቸው። ምራቂውን ለልጁ እጅ ላይ አራገፉለትና «ባጃጅ ተሳፈርባት» አሉት። በሃያ አምስት ሳንቲም የሚጭን ባጃጅ ግን ኮምቦልቻ ውስጥ እኔ አላየሁም።