ተጣጣፊ ጠረጴዛ የሚበላሸው ከእግሩ ማያያዣ ነው

ለእድር ወይም ለድግስ ኪራይ ተጣጣፊ ጠረጴዛ የሚያሠራ ሰው ብየዳ ቤት ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ የሚከራከረው ስለ ላዩ ጣውላ ውፍረት ነው። ጣውላው ግን ቶሎ አያስቸግርም። ጠረጴዛውን ከጥቅም ውጭ የሚያደርጉት እግሩ የሚዞርበት ብሎንና እግሩን ወጥሮ የሚይዘው፣ ከሁለት ቁራጭ የተጋጠመ ታጣፊ ብረት ናቸው።

በስፋቱ እንጀምር። አንድ ኮምፔንሳቶ (ስስ እንጨቶች ተደራርበው የተጣበቁበት ጣውላ) 122 በ244 ሳ.ሜ. ነው። ላዩን 180 በ60 ካደረጉት ከአንዱ ሁለት ጠረጴዛ ይወጣል፤ ድስትና ትሪ ለመደርደር ይበቃል። ሰው በሁለት ወገን ተቀምጦ የሚበላበት ከሆነ ግን 75 ያስፈልጋል፣ ከአንድ ኮምፔንሳቶም አንድ ብቻ ይገኛል። ውፍረቱ 18 ሚ.ሜ. ይሁን። ቺፑድ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራው) አይመከርም፤ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ብሎንም አጥብቆ አይዝም።

ከሥር የሚታሰረው ፍሬምም እግሩም 25 በ25 ሚ.ሜ. ቱቦላሬ (አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ነው፣ የግድግዳው ውፍረት 1.5 ሚ.ሜ.። ከዚህ የቀጠነው ሲበየድ ይበሳል። የጠረጴዛው ቁመት 75 ሳ.ሜ. ከሆነ፣ ከሚዞርበት ብሎን እስከ መሬት እግሩ 72 ሳ.ሜ. ይሆናል። ብሎኑን ከጠረጴዛው ጫፍ 15 ሳ.ሜ. ገባ አድርገው ይትከሉት። በሁለቱ ብሎኖች መካከል 150 ሳ.ሜ. ይቀራል፤ ሁለቱ እግሮች ሲታጠፉ 144 ስለሚይዙ ሳይነካኩ ይተኛሉ። 20 ገባ ካደረጉት ግን ክፍተቱ 140 ብቻ ስለሆነ ይጋጫሉ። ያን ጊዜ አንደኛው የእግር ጥንድ በሌላው ውስጥ እንዲገባ በ6 ሳ.ሜ. ማጥበብ ግድ ነው። ደግሞም ጫፉ በረዘመ ቁጥር ሰው ሲደገፍበት ጠረጴዛው ይነሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የአንድ ጥንድ ሁለቱን እግሮች የሚያገናኘው አግዳሚ ከብሎኑ 30 ሳ.ሜ. ዝቅ ብሎ ይበየዳል። የታጣፊው ብረት አንዱ ጫፍ እዚህ አግዳሚ ላይ፣ ሌላኛው ጫፍ ከላዩ ሥር፣ መሃል ላይ፣ ከብሎኑ 35 ሳ.ሜ. ወደ ውስጥ ይታሰራል። በእነዚህ ሁለት ነጥቦች መካከል እግሩ ቆሞ ሳለ 46 ሳ.ሜ. አለ። ታጣፊው ብረት ከቀዳዳ እስከ ቀዳዳ ሲለካ የታችኛው 25.5፣ የላይኛው 20.5 ይሁን። ልዩነታቸው 5 የሆነው በ30 እና በ35 መካከል ያለውን ልዩነት እንዲያህል ነው፤ ከዚያ ከበለጠ እግሩ ሙሉ በሙሉ አይተኛም። ብዙ ሠራተኛ ይህን በግምት ቆርጦ፣ እግሩ አልታጠፍ ሲለው በመዶሻ ያጎብጠዋል። የጎበጠ ብረት ላይ ደግሞ መቆለፊያው ቀለበት አይወርድም።

ቀለበቱ በላይኛው ብረት ላይ ይንሸራተታል፤ ጠረጴዛው ሲቆም በራሱ ክብደት ወርዶ መጋጠሚያውን ይሸፍናል። እንዳያልፍ በታችኛው ብረት ላይ ትንሽ የብየዳ ጉብታ ይበቃዋል። ወፍራም ቀለም ቀለበቱን ስለሚያጣብቀው እዚያ ጋ ስስ አድርጎ መቀባት ነው። ድንኳን ውስጥ ጠረጴዛ የሚዘረጉ ልጆች ድስት ከመጫናቸው በፊት ሁለቱም ቀለበቶች መውረዳቸውን በእጃቸው ይንኩ። ቀለበቱ ካልወረደ፣ ሰው ጎኑን ገፋ ሲያደርገው እግሩ ይታጠፋል፣ የፈላ ወጥ ሰው ላይ ይደፋል።

የታጣፊውን ብረት የላይኛውን ጫፍ በእንጨት ብሎን አያስሩት። ያ ቦታ ሁልጊዜ ይጎተታል፣ ይነቀላል። ጠፍጣፋ ብረት ላይ አራት ኮምፔንሳቶውን የሚያልፉ ብሎኖች ከነሮንዴላቸው (መሃሉ ቀዳዳ ከሆነው ክብ ስስ ብረት ጋር) ያስፈልጋሉ፣ ራሳቸው ከላዩ ጋር እኩል የተቀበረ።

የእግሩ ብሎን 8 በ80 ሚ.ሜ. ነው። ጥርስ የሌለው ክፍሉ የፍሬሙንም የእግሩንም ቱቦላሬ ማለፍ አለበት፤ የሚተርፈውን በሮንዴላ ይሙሉት። ጥርሱ ቱቦላሬው ውስጥ ከቀረ ቀዳዳውን እንደ ሞረድ እየበላ ያሰፋዋል፣ እግሩም ይወላገዳል። እግሩ ውስጥ ብሎኑ የሚያልፍበት አጭር ቱቦ መበየድም ቱቦላሬው እንዳይጨፈለቅ ያደርጋል። ዳዶው (ብሎኑ ጫፍ ላይ የሚጠብቀው) እንዳይፈታ ሁለት ዳዶ አጋጥሞ ማጥበቅ ይቻላል።

የእግሩን ጫፍ በላሜራ ቁራጭ ዘግቶ ጎማውን ከላዩ ማልበስ ነው፤ አለዚያ ቀጭኑ ጠርዝ ጎማውን ቆርጦ ይወጣል፣ ውሃ ገብቶም ከውስጥ ያዝገዋል። የኮምፔንሳቶው ጠርዝም ቫርኒሽ ይጠጣ።

ከውጭ የሚመጣው ነጭ ፕላስቲክ ጠረጴዛ ቀላል ነው፣ ውስጡም ባዶ ነው። ትኩስ ድስት በቀጥታ አይቀመጥበት። ከተሰነጠቀ ማጣበቂያ ስለማይዘው ከላይና ከታች ላሜራ አድርጎ በብሎን ማሰር ይሻላል።