ሰማይ የሚከሰው ንጉሥ

ጥፋቱ የእኔ ነው። መምህሩ «ፊትና ጀርባ፣ 45 ኮፒ» ብለው ፍላሻቸውን ሰጥተውኝ ወደ ባንክ ተሻገሩ። አራት ኪሎ ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው ሰው ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ምን እንደሚመስል ያውቃል። አንዱ መታወቂያ ኮፒ ይላል፣ አንዷ ሲቪ ትላለች፣ ሌላው ከቴሌግራም አውጪልኝ ይላል። ማሽኑን ለቅቄው ከሰው ጋር ስጨቃጨቅ ሥራው አለቀ። ገለጥ ባደርገው ፊቱ ቀጥ ብሎ፣ ጀርባው ላይ ያለው ካርታ ተዘቅዝቆ ወጥቷል። ጥንታዊት ቻይና በአናቷ ቆማለች። 45ቱም ላይ።

ስለ ጥንታዊት ቻይና የተዘጋጀ ባለ ስድስት ቅጠል ጽሑፍ ነበር። 270 ወረቀት፣ ከግማሽ ደስታ በላይ (አንድ ደስታ የ500 ወረቀት እሽግ ነው)። ቶነሩን አልቆጥረውም።

መምህሩ ሲመለሱ «ይቅርታ፣ በእኔ ሒሳብ ይደገማል» አልኳቸው። ካርታውን አዩና ሳቁ። «አይዞሽ እህቴ፣ ሳታውቂው ጥንታዊውን ነው የሠራሽልኝ» አሉኝ። ለካ ቻይና ውስጥ ማዋንግዱዪ በሚባል ቦታ በ1973 አንድ መቃብር ተከፍቶ፣ በሐር ላይ የተሳሉ ካርታዎች ተገኝተዋል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው። ወደ እኛው ስመለስ እናገራለሁ።) መቃብሩ የተዘጋው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ነው። ካርታዎቹ ላይ ደቡብ ከላይ፣ ሰሜን ከታች ነው። ደስ ብሎኝ «እንግዲያው ይውሰዱታ!» ስላቸው «ልጆቹ ፈተና አለባቸው» ብለው አስደገሙኝ።

የተበላሸውን ሰብስቤ ቤት ወሰድኩት። ከእኛ ግቢ በታች ቆሎ የምትሸጥ ጎረቤት አለችኝ፣ መጠቅለያ ሳገኝ ለእሷ ነው። አንዱን ግን ለራሴ አስቀረሁ። ስንት ዓመት የሰው ጽሑፍ ሳባዛ ኖሬ ቁጭ ብዬ አንብቤ አላውቅም ነበር። የመጀመሪያው የገረመኝ ነገር ወረቀቱ ራሱ የቻይኖች መሆኑ ነው። በ105 ዓ.ም. ጻይ ሉን የሚባል የሃን ሥርወ መንግሥት ጃንደረባ የዛፍ ልጥ፣ የቃጫ ትርፍራፊ፣ ቡትቶ ጨርቅና ያረጀ የዓሣ መረብ ተቀጥቅጦ የተሠራ ወረቀት ለንጉሡ አቀረበ ይላል። ቡትቶና አሮጌ መረብ! አሁን ለአንድ ደስታ የምከፍለውን ቢሰማ ምን ይል ይሆን።

ካርታው ላይ ዓይኔ ያረፈው ወንዙ ላይ ነው። እኛ «ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» እንላለን። ዓባይ ስሙ ጠፋ እንጂ ማደሪያስ አለው፤ ያው በገደሉ ውስጥ ነው የሚሄደው። ማደሪያ የለሹ ቢጫ ወንዝ ነው። ከቲቤት አምባ ተነስቶ 5,464 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። መሐል ላይ ንፋስ ለብዙ ሺህ ዘመናት ከበረሃ እያመጣ የከመረው ቢጫ አፈር አለ፤ አንዳንድ ቦታ ውፍረቱ ከ100 ሜትር ያልፋል። ለማረስ ቀላል፣ ለመሸርሸርም ቀላል። ወንዙ ይህን ተሸክሞ ሜዳው ላይ ሲደርስ ይደክመዋል፣ ሸክሙን እዚያው ይጥላል። በየዓመቱ ሥሩ ይሞላል። ሰዎቹ ዳርና ዳሩን በአፈር ያሳድጋሉ። ወንዙም አብሮ ያድጋል። መጨረሻ ላይ ወንዙ ከመንደሩ በላይ ሆኖ ያርፈዋል፤ ከቤትህ ወጥተህ ቀና ብለህ የምታየው ወንዝ። ዳሩ የተደረመሰ ቀን የሚሆነውን አስቡት። ባሕር የሚገባበትን ቦታ እንኳ ይቀይራል። ከ600 ዓመት በላይ ሻንዶንግ ከሚባለው ክፍለ ሀገር በስተደቡብ ሲገባ ኖሮ በ1855 ወደ ሰሜን ዞረ።

ደቡቡ የያንግትዜ ወንዝ አገር ነው። ውሃ የጠገበ፣ ሩዝ የሚበላ። የሰሜኑ ሰው ዳጉሳ የመሰለ ጥቃቅን እህል ነበር የሚያበቅለው። በምዕራብ ተራራ፣ በሰሜን በረሃና ሣር፣ በምሥራቅ ባሕር። በዚህ መሐል የተቀመጠ ሰው አገሩን «መካከለኛው መንግሥት» ብሎ ቢጠራ አይፈረድበትም።

የመጀመሪያው ታሪካቸውም የጎርፍ ታሪክ ነው። ጉን የሚባል ሰው ጎርፉን እንዲያቆም ታዘዘ። ከሰማይ ራሱ በራሱ የሚያድግ አፈር ሰርቆ ዘጠኝ ዓመት ገደበ፤ አልሆነለትም፣ ሕይወቱን ከፈለ። ልጁ ዩ ተተካ። ዩ መገደቡን ትቶ ቦይ ቆፈረ፣ ውሃውን ወደ ባሕር መራው። 13 ዓመት ፈጀበት። በነዚያ ዓመታት ሦስት ጊዜ በቤቱ በር አልፏል፣ አንዴም አልገባም ይባላል። ቻይኖች ይህንን ለትጋት ምሳሌ ይጠቅሱታል። እኔ ሚስቱን ብሆን አራተኛውን ጊዜ በሩን አልከፍትለትም ነበር። ሺያ የሚባለውን የመጀመሪያውን ሥርወ መንግሥት የመሠረተው ይኸው ዩ ነው ይላሉ፤ በዚያ ዘመን የተጻፈ ማስረጃ ግን አልተገኘም።

ጽሑፍ ያለው ቀጥሎ ከመጣው ከሻንግ ሥርወ መንግሥት ጀምሮ ነው። እሱም የተገኘው በመድኃኒት ቤት በኩል ነው። በ1899 ዋንግ ዪሮንግ የሚባል ምሁር «የዘንዶ አጥንት» እየተባለ ተፈጭቶ ለሕመም በሚሸጠው ነገር ላይ ጥንታዊ ፊደል እንዳለ ለየ። አጥንቱ የበሬ ትከሻና የኤሊ ቅርፊት ነበር። የሻንግ ነገሥታት አጥንቱን በእሳት ይተኩሱታል፣ ሲሰነጠቅ ስንጥቁን ያነባሉ። በእኛ ሞራ ገላጭ እንደሚባለው መሆኑ ነው፤ ልዩነቱ እነሱ ጥያቄውን አጥንቱ ላይ ይጽፉታል። ዝናብ ይዘንባል ወይ? ጦር እንላክ ወይ? ንጉሡ ጥርሱን ሲያመው የትኛው የሞተ ዘመድ ተቆጥቶበት እንደሆነ ይጠይቃል። ሙታኖቻቸው ይራባሉ፣ ይቆጣሉ፣ ምግብና መጠጥ ይቀርብላቸዋል። እኛ ተዝካር የምናወጣው ለነፍሱ ምሕረት ነው፤ እነሱ ደግሞ ሟቹ ራሱ እንዳያስቸግራቸው ነው።

አንዱ አጥንት ላይ ቆየሁ። ንጉሥ ዉ ዲንግ ስለ ሚስቱ ስለ ፉ ሃኦ ይጠይቃል። ፉ ሃኦ ጦር የመራች ሴት ናት፤ በ1976 አንያንግ ላይ መቃብሯ ሳይዘረፍ ሲገኝ ከ400 በላይ የነሐስ ዕቃ ወጥቶበታል። ነፍሰ ጡር ናት። ንጉሡ ስንጥቁን አይቶ በእንዲህ ያለ ቀን ከወለደች መልካም ነው ይላል። ከዚያ ሌላ መስመር ተጨምሯል፤ ከ31 ቀን በኋላ ወለደች፣ መልካም አልሆነም፣ ሴት ናት።

ለእማዬ አነበብኩላት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «ለአንቺ ሦስት እልልታ፣ ለወንድምሽ ሰባት ነው የተባለው» አለችኝ። «እነሱ አጥንት ላይ ጻፉት እንጂ ምን ለየን?»

አሁን ወደ ዋናው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1046 ገደማ ጆው የሚባሉ ከምዕራብ የመጡ ሰዎች ሻንግን ጣሉ። ንጉሥ የገለበጠ ሰው ደግሞ አንድ ችግር አለበት፤ ነገ እሱን ሊገለብጥ የሚመጣውን ምን ይለዋል? ጆዎች እንዲህ አሉ። ሥልጣን የሰማይ ነው። ሰማይ ለመልካም ሰው ይሰጠዋል፣ ሲበላሽ ይነጥቀዋል። የሻንግ የመጨረሻው ንጉሥ ሰካራምና ጨካኝ ስለነበር ሰማይ ተወው። ብልጥ መልስ ናት። ግን ለራሳቸውም ገመድ ገመዱ። ከዚያ ወዲህ ጎርፍ፣ ድርቅ፣ የምድር መንቀጥቀጥ፣ የፀሐይ ግርዶሽ ዝም ብሎ የሚያልፍ ነገር አልሆነም፤ በንጉሡ ላይ የቀረበ ምስክር ሆነ። ያን የመሰለ ወንዝ ባለበት አገር ደግሞ ለንጉሥ ክስ አይጠፋም።

ይህ ወሬ ብቻ አልነበረም። በሃን ዘመን፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ178 ፀሐይ ስትጋረድ ዌን የሚባለው ንጉሠ ነገሥት አዋጅ አወጣ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ስህተቴን ንገሩኝ፣ የሚገሥጹኝን ቅን ሰዎች አምጡልኝ አለ። ይህችን ሳነብ 45ቱ ካርታ ትዝ አለኝ። የእኔ ጥፋት ግን በግማሽ ደስታ ወረቀት ነው ያለቀው።

እማዬ ሰምታ ሰምታ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አለች።

«እነሱ ጋ ሰማዩ ራሱ ነው ከሳሹ» አልኳት።

ዝም አለች። ሽንኩርቱን ወደ ድስቱ ገለበጠችው። ከቆየች በኋላ፣ «ታዲያ ጃንሆይን ማን ከሰሳቸው?» አለችኝ።

እማዬ የወሎ ሰው ናት። በእኛ አቆጣጠር በ1965 ድርቁ ሲጠና በ15 ዓመቷ አዲስ አበባ መጥታ ሰው ቤት ተቀጠረች። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ አካል የተቀደሰ፣ ክብራቸው የማይደፈር፣ ሥልጣናቸው የማይጠየቅ ነው ይል ነበር። ማዕረጋቸውም ሥዩመ እግዚአብሔር ነው። እግዚአብሔር የሾመውን ሰው እግዚአብሔር ሲሽረው እንዴት እንደሚታወቅ ግን የተጻፈ አንቀጽ አልነበረም። ጃንሆይ ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ምሽት፣ መስከረም 1 ቀን 1967፣ ቴሌቪዥኑ የወሎን ረሃብ አሳየ። እማዬ የተቀጠረችበት ቤት ሳሎኑ በር ላይ ሳህን እያደረቀች ቆማ አየችው። ሰዎቹ ሁሉ ዘመዶቿን ይመስሉ ነበር ትላለች። ሳህኑን እያደረቀች፣ እያደረቀች፣ እንደገና እያደረቀች። በማግስቱ ጃንሆይ ወረዱ።

ኮንፊሽየስ የሚባለው ፈላስፋ ጽሑፉ ላይ አንድ ገጽ ተኩል ተሰጥቶታል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ551 ተወለደ፣ የጆው ነገሥታት ስማቸው ብቻ በቀረበት ዘመን። አባትን ማክበር፣ ሥርዓትን መጠበቅ፣ ንጉሥ እንደ ንጉሥ ልጅ እንደ ልጅ ይሁን። እውነት ለመናገር ግማሹ የአያቴን ቁጣ ነው የሚመስለው። አንዷን ወግ ግን ወደድኳት። በረቱ ተቃጠለ ብለው ሲነግሩት «ሰው ተጎዳ?» ብሎ ጠየቀ፤ ስለ ፈረሶቹ አልጠየቀም። ላኦ ዙ የሚባል ሌላ ጠቢብ አለ፤ መኖሩን ራሱ የሚጠራጠሩ አሉ። እሱ የሚያመሰግነው ውሃን ነው፤ ሰው የሚንቀውን ዝቅ ያለ ቦታ ስለሚይዝ። ቢጫ ወንዝ ዳር ያለ ገበሬ ይህን ምስጋና እንዴት እንደሚሰማው አላውቅለትም። የቡድሃ ትምህርት ከሕንድ የመጣው ኋላ፣ በሃን ጊዜ ነው።

ከሃን በፊት ቺን የሚባል መንግሥት አለ። እርስ በርስ ሲፋጁ የኖሩትን መንግሥታት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ221 አንድ አደረገ። ሚዛኑን አንድ፣ ፊደሉን አንድ፣ በሠረገላው ጎማዎች መሐል ያለውን ስፋት ሳይቀር አንድ። ይህን መጀመሪያ ምን ያደርግላቸዋል ብዬ ነበር። መንገዱ አፈር ነው፤ ጎማ ቦይ ያወጣበታል፤ ስፋትህ ካልገጠመ ትገለበጣለህ። ሥርወ መንግሥቱ 15 ዓመት ብቻ ቆየ። በጉልበት የገነባው በጉልበት ፈረሰ፤ አገዛዙ ያስመረረው ገበሬ ተነሳበት። ከፍርስራሹ የተነሳው ሃን 400 ዓመት ገደማ ገዛ፤ በ2 ዓ.ም. ሕዝቡን ሲቆጥር ከ57 ሚሊዮን በላይ አግኝቷል።

የቺን ንጉሥ ከሞተ በኋላ የሚጠብቀው የሸክላ ጦር አሠርቶ ቀብሮ ነበር። እስከ 8,000 ይገመታሉ፤ ቁመታቸው የሰው፣ ፊታቸው አንዱ ካንዱ የማይመሳሰል። ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ማንም ሳያውቃቸው ቆሙ። ሺያን ከተማ አጠገብ ገበሬዎች ያገኟቸው በማርች 1974 ነው። እኔ እንደ ልማዴ ወደ እኛው መለስኩት፤ መጋቢት 1966። የታክሲ ሾፌሩ፣ መምህሩ፣ ወታደሩ አድማ የመታበት ሰሞን። እማዬ የሰው ሳህን የምታጥብበት ሰሞን።

ማታ እንጀራ ቀርቦ ነገርኳት። እዚያም ድርቅ ነበር፣ ገበሬዎቹ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ነው አልኳት። አካፋው ከሸክላው ጋር ተጋጨ፣ ጭንቅላት ወጣ፣ ክንድ ወጣ፣ ከዚያ ጦሩ ሁሉ። መንግሥት መጣ፣ ዓለም ጉድ አለ።

ጉርሻዋን እንደያዘች አየችኝ።

«ውሃውንስ አገኙት?»